ቲኬት የሌለው ይነሳ

ነጋድ ጣቢያ ወርጄ አባታችን ቤት የደረስኩት መሽቶ ነው። እኅቴ በሩን የከፈተችልኝ በአንድ እጇ ወገቧን ደግፋ ነበር። ሳመችኝ፣ ወደ ኋላ ብላ አየችኝ፣ "ከስተሃል" አለችኝ። የከሳችው ግን እሷ ነበረች።

በማግስቱ ገና ጎህ ሳይቀድ ግቢው ውስጥ ቡና ይዘን ተቀመጥን። ግንቦት ገብቷል። ጅቡቲ በዚህ ወር ሰው ረጋ ብሎ የሚያወራባት ሰዓት ይህችው ናት፤ ፀሐይ ከወጣች ሁሉም ጥላ ፈላጊ ነው። አባባ ውስጥ ተኝቷል። 81 ዓመቱ ነው። ዕድሜውን በሙሉ በድሬዳዋና በጅቡቲ መካከል በባቡር ሲመላለስ የኖረ ኮንትሮለር ነበር፤ መርሳት ከጀመረው አምስት ዓመት ሆነው። እኔ አዲስ አበባ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። ይህን የምነግራችሁ ለጉራ አይደለም፤ ቀጥሎ ባለው ጨዋታ ታላቅ እኅቴ ስንት ጊዜ እንዳሳፈረችኝ እንዲታያችሁ ነው።

እሷ፦ ሻንጣህ ላይ ያለውን ወረቀት አየሁት። ሥዕል ሥዕል ያለበትን። ሰውዬው እጁን ወደ ላይ ዘርግቷል፣ ሴትዮዋ ኳስ ታቅፋለች። ማን ሊሠራው ነው ያመጣኸው?

እኔ፦ አባባ ነዋ። አንቺም አብረሽ።

እሷ፦ አባባን "እጅህን ወደ ላይ" በለውና እየው። "ማረክኸኝ እንዴ?" ነው የሚልህ። እኔን ደግሞ ተወኝ። ሌሊት ሦስቴ እነሳለሁ፤ አነሳዋለሁ፣ አጥበዋለሁ፣ አንሶላ እቀይራለሁ። ሲነጋ ባልዲ፣ ከዚያ ገበያ፣ ከዚያ ድስት። ከዚህ ወዲያ ምን ስፖርት አለ?

እኔ፦ እሱ ድካም ነው እንጂ ስፖርት አይደለም፣ እትዬ።

እሷ፦ ልዩነቱን ለወገቤ ንገርልኝ።

እኔ፦ እነግረዋለሁ። በይ አባባን ከወንበር እንዴት እንደምታነሺው አሳይኝ። እኔ አባባ ነኝ።

ተነሳች። ፊት ለፊቴ ቆማ እግሮቿን ገጠመች፣ ጎንበስ ብላ ሁለት እጇን በብብቴ ሥር አስገባች፣ ትንፋሿን ዋጥ አድርጋ ሳበችኝ። ጉልበቷ አስደነገጠኝ። እኔ ተነሳሁ፤ እሷ ግን ወደ ኋላ ለመውደቅ ምንም አልቀራትም ነበር። ይህን ነው በቀን አሥር ጊዜ የምታደርገው።

እኔ፦ ትንፋሽሽን ለምን ያዝሽው?

እሷ፦ ይዤው ነበር እንዴ?

እኔ፦ ይዘሽው ነበር። ስሚኝ፤ መጀመሪያ ራሱ ወደ ወንበሩ ጫፍ ይምጣ። እግሮቹን ወደ ኋላ ይሰብስብ፣ ተረከዙ ከጉልበቱ ሥር ይግባ። ከዚያ ወደ ፊት ያዘንብል፤ አፍንጫው የእግሩን ጣት ሲያልፍ መቀመጫው በራሱ ይነሳል። አንቺ ከጎኑ ቁሚ፣ እግርሽን ከፈት አድርገሽ አንዱን አስቀድሚ። አትጎትቺው፣ ምሪው። በብብት መሳብ የእሱን ትከሻ ይጎዳል፣ የአንቺን ወገብ ይጨርሳል። ሲነሳ ሁለታችሁም ትንፋሻችሁን አውጡት።

እሷ፦ ይህን ሁሉ አባባ ሊሰማኝ?

እኔ፦ ሁሉንም አትንገሪው። አንድ ጊዜ አንድ ነገር። "ቀረብ በል" በይውና ዝም በይ። ቃሉ ከጆሮው ተነስቶ እግሩ ጋ እስኪደርስ ጊዜ ይፈጃል፤ እስከ አሥር ቁጠሪ። የምንቸኩለው እኛ ነን።

እሷ፦ አምስት ዓመት ሙሉ ይህን በስልክ ልትነግረኝ አትችልም ነበር?

መልስ አልነበረኝም። ስደውል የምጠይቃት "መድኃኒቱን ይውጣል?" "ይበላል?" ነው። ስለ ወገቧ አንድ ቀን ጠይቄያት አላውቅም። ሲኒዬን አነሳሁ፤ ባዶ ነበር።

እኔ፦ በፈረንጆቹ 1999 አሜሪካ ውስጥ በአንድ ትልቅ የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት አለ። የታመመ ባል ወይም ሚስት የሚያስታምሙ አረጋውያንን አራት ዓመት ተከታተሏቸው። ማስታመሙ ያስጨነቃቸው ሰዎች ከማያስታምሙት እኩዮቻቸው ይልቅ የመሞት ዕድላቸው በ63 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኘ።

እሷ፦ ይህን ልትነግረኝ ነው ከአዲስ አበባ የመጣኸው? ከአባባ ቀድመሽ ትሞቻለሽ ልትለኝ?

እኔ፦ ሳልጨርስ አትቆጪኝ። እያስታመሙ ያን ያህል ያልተጨነቁት ላይ ልዩነቱ አልታየም። የሚጎዳው ማስታመሙ ራሱ ሳይሆን ብቻሽን ስትሸከሚው ነው ለማለት ፈልጌ ነው።

እሷ፦ ማን ያግዘኝ ታዲያ? ለመሆኑ በዓለም ላይ እንደኛ ቤት ያለ ስንት አለ?

እኔ፦ የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ወደ 57 ሚሊዮን ሰው የመርሳት በሽታ አለበት ብሏል። ከመቶው ከስልሳ በላይ የሚሆነው እንደኛ ባሉ ድሃና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው የሚኖረው። ቤት ውስጥ ከሚሰጠው የማስታመም ሰዓት ደግሞ ሰባ በመቶው በሴቶች ትከሻ ላይ ነው።

እሷ፦ የቀረውን ሠላሳ ማነው የሚሠራው? በዚህ ሰፈር አላየሁትም።

ከግድግዳው ወዲያ የጎረቤት ራዲዮ በሶማሊኛ ዜና ጀመረ። ሁለተኛውን ቡና ቀዳችልኝ። እኅቴ ስትቀዳ እጇ አይንቀጠቀጥም፤ ጀበናውን ከፍ አድርጋ ቀጭን ክር ታወርዳለች። እናታችን እንዲህ ነበር የምትቀዳው።

እሷ፦ ሰዉ "ጃጀ" ብሎ ነው የሚያልፈው። "አባትሽ እንዴት ናቸው?" ይሉኛል፤ "ረሳ" ስላቸው "እንግዲህ ጃጁ፣ ምን ይደረግ" ይሉኛል። ዕድር ላይ ሳይቀር።

እኔ፦ ቃሉ ነው ችግሩ። እርጅናውንና በሽታውን አንድ ላይ ጠቅልሎ ይይዘዋል። አሎይስ አልዛይመር የተባለው ጀርመናዊ ሐኪም በ1906 ለባልደረቦቹ የነገራቸው ሴት ሆስፒታል የገባችው በ51 ዓመቷ ነበር። ካንቺ በሦስት ዓመት ታንሳለች። እርጅና ብቻ ቢሆን 81 የሞላው ሁሉ በረሳ ነበር። "ጃጀ" ካልን በኋላ ደግሞ ማንም ሌላ ነገር አይመረምርም።

እሷ፦ እሱንማ ዓምና ሐምሌ አይቼዋለሁ። ካምሲኑ የሚነፍስበት ሰሞን ነው፤ ሙቀቱ ከ40 በላይ። አባባ በሁለት ቀን ውስጥ እኔን ማወቅ አቃተው። ግድግዳው ላይ ሰዎች ቆመዋል ይለኛል፣ ቀን ሙሉ ያንቀላፋል። የመጣው ሁሉ "ባሰበት፣ ልብሽን አጽኚ" አለኝ። ሐኪም ጋ ስወስደው የሽንት ኢንፌክሽን ነው፣ ውሃም አንሶታል አሉኝ። ግሉኮስ ሰጡት፣ መድኃኒት ዋጠ፣ በሳምንቱ ተመለሰ። ወደ ድሮው መርሳቱ ተመለሰ ማለቴ ነው።

እኔ፦ ጎበዝ። በድንገት ሲሆን ሌላ ነገር መጠርጠር ነው። የመርሳት በሽታ በሁለት ቀን እንዲህ አይሮጥም። ጆሮውስ ታይቷል?

እሷ፦ ጆሮው ምን ሆነ?

እኔ፦ ዕድሜ ልኩን ባቡር ላይ የኖረ ሰው ነው። ያልሰማውን ረሳ እያልን ይሆናል እኮ። በ2024 ላንሴት መጽሔት ላይ የወጣው ግምገማ ሊስተካከሉ የሚችሉ 14 ነገሮችን ዘርዝሯል፤ የመስማት መድከም፣ ደም ግፊት፣ ስኳር፣ ሲጋራ፣ ቁጭ ብሎ መዋል፣ ከሰው መነጠል አሉበት። እነዚህ ከልጅነት ጀምሮ ቢያዙ ከመርሳት በሽታ ወደ 45 በመቶ የሚሆነው ሊቀር ወይም ሊዘገይ ይችል ነበር ይላል። ለአባባ ብዙው አልፏል። ለ54 ዓመቷ ግን አላለፈም።

እሷ፦ ወዴት እንደምትመጣ ይገባኛል። ይልቅ ቀጥታውን ንገረኝ፤ ስፖርት አባባን ያድነዋል?

እኔ፦ አያድነውም። እንግሊዞች ወደ አምስት መቶ የሚጠጉ ሕሙማን ይዘው አብዛኞቹን ለአራት ወር ጠንከር ያለ ስፖርት አሠርተዋቸዋል፤ ውጤቱ በፈረንጆቹ 2018 ወጣ። ሰውነታቸው በረታ፣ መርሳቱ ግን አልቀነሰም።

እሷ፦ እንግዲያ ለምን ታደክመናለህ?

እኔ፦ እንዳይወድቅ። ሌሊት እንዲተኛ። ጉልበቱ ሳይደርቅ እንዲቆይ፤ እሱ ራሱን ችሎ የተነሳባት እያንዳንዷ ጊዜ ለወገብሽ ዕረፍት ናት። ደግሞም ከማጠብና ከማጉረስ ሌላ አብራችሁ የምታደርጉት ነገር እንዲኖራችሁ።

ዝም አለች። ይህ የመጨረሻው ሳይነካት አልቀረም መሰለኝ፤ ከሰሉን በመቆስቆሻው ነካ ነካ አደረገችው።

እሷ፦ አሁን ደግሞ አንተ ስማኝ። ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ሲሆን አባባ ይነሳል። ኮፍያውን ይፈልጋል። "ባቡሩ ሊገባ ነው" ይላል። በመጀመሪያው ዓመት እከራከረው ነበር። አባባ ባቡሩ ቀርቷል፣ አዲሱ ሌላ ነው፣ የሚቆመውም ነጋድ ነው እለዋለሁ። አንድ ቀን በጥፊ መታኝ። አባባ! በልጅነታችን እጁን አንስቶብን የማያውቅ ሰው።

እኔ፦ አልነገርሽኝም።

እሷ፦ ምን ብዬ? ያን ቀን ማታ አለቀስኩ፣ በማግስቱ መከራከሩን ተውኩት። 10 ሰዓት ሲሆን ኮፍያውን አቀብለዋለሁ። "በል ሳይቀድመን እንሂድ" እለዋለሁ። ጫማውን እስረዋለሁ፤ ነጠላ ጫማ አላደርግለትም፣ ሁለት ጊዜ ጥሎታል። ጥላ ጥላውን ይዘን ጥግ ላይ ያለው ሱቅ ድረስ እንሄዳለን። የሱቁን ልጅ አስተምሬዋለሁ፤ "ባቡሩ አሊ ሳቢህ ላይ ዘግይቷል" ይለዋል። አባባ ኮምፓኒውን እየረገመ ሻይ ይጠጣል፣ ተመልሰን እንመጣለን፣ እራቱን በልቶ ይተኛል። ያልወጣን ቀን ግን እስከ እኩለ ሌሊት የግቢውን በር ሲነቀንቅ ያመሻል።

እኔ፦ መንገዱ ምን ያህል ይፈጃል?

እሷ፦ ሩብ ሰዓት መሄጃ፣ ሩብ ሰዓት መመለሻ። በሐምሌ ወደ 12 ሰዓት እገፋዋለሁ፤ ሰዓቱን ወደ ኋላ አዙሬ ግድግዳው ላይ እሰቅለዋለሁ። ምን ላድርግ፣ እዋሻለሁ።

ወረቀቴ ላይ ሦስተኛው ገጽ "በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት የ30 ደቂቃ ቀስ ያለ የእግር ጉዞ" ይላል። አወጣሁና አሳየኋት። አንብባ መለሰችልኝ።

እኔ፦ ሳንፍራንሲስኮ ያለው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ለመርሳት ሕሙማን የሠሩት ፕሮግራም አለ። "ፕሊዬ" ይሉታል፤ ባሌ ዳንሰኞች ጉልበታቸውን ሲያጥፉ እንደሚሉት። ሰዎቹ በክብ ይቀመጣሉ። እንቅስቃሴው ቀላል ነው፣ ቀስ ያለ ነው፣ ቅደም ተከተሉ በየቀኑ አይቀየርም፣ በመሃል ማረፍና መተንፈስ አለ። ቆይቶ ደግሞ ታማሚና አስታማሚ ከቤታቸው ሳይወጡ በኢንተርኔት አብረው የሚሠሩት ሆነ። ሐሳቡ ምን መሰለሽ? ትናንት የሆነውን የሚይዘው የአእምሮ ክፍል ቀድሞ ይጎዳል፤ እጅና እግር የለመዱት ግን ዘግይቶ ነው የሚጠፋው።

እሷ፦ ይሄን ለማወቅ ካሊፎርኒያ መሄድ አያስፈልግም። ቡና አፍልቶ የኖረ እጅ አይረሳም።

እኔ፦ አንድ ታካሚ ነበሩኝ፣ አዲስ አበባ፤ ድሮ መሪጌታ ነበሩ። የልጃቸውን ስም አያውቁም። ልጃቸው ለበዓል ማኅሌት ወስዶ መቋሚያውን ሲያስይዛቸው ከሰውነታቸው ላይ ሃያ ዓመት የወረደ ይመስል ነበር አለኝ። ግራ፣ ቀኝ፣ ዝቅ፣ ቀና። ሚዛን ነው፣ ጉልበት ነው፣ ትንፋሽ ነው። እኔ ክሊኒክ ውስጥ ሁለት ወር ለምኛቸው ያላገኘሁትን እግራቸውን ለቅዱስ ያሬድ ዜማ ሰጡ። ጎረቤቶችሽም በቀን አምስቴ ሲሰግዱ ያው ነው፤ መቆም፣ ማጎንበስ፣ መቀመጥ፣ መነሳት።

እሷ፦ አባባ ግን ማኅሌትም ስግደትም የለውም። አባባ ያለው ባቡር ነው።

ይህን ስትል የውስጡ በር ተከፈተ። አባባ በፒጃማ ወጣ። ወደ መጸዳጃው ሲሄድ ከኋላ አየሁት፤ እግሮቹን ሰፋ አድርጎ ይረግጣል፣ በግራ እጁ ግድግዳውን ነካ ለቀቅ ያደርጋል። ልቤ ተረበሸ። ሊወድቅ ነው፣ አካሄዱ ተበላሽቷል ብዬ ለእኅቴ በጆሮዋ ነገርኳት። እሷ ሳቀች።

እሷ፦ ምንም አልተበላሸም። ባቡሩ ይነቀንቀዋል።

ልጅ እያለሁ አንድ ጊዜ ይዞኝ ሄዷል። ከደወሌ ወዲህ ባለው ቁልቁለት ፉርጎው ሲወዛወዝ እኔ ከመቀመጫው ስወድቅ፣ እሱ እግሮቹን ሰፋ አድርጎ፣ የወንበሮቹን ጫፍ በግራ እጁ እየነካ፣ በቀኝ እጁ ቲኬት እየበሳ ሲያልፍ ትዝ ይለኛል። የትምህርቴን ዲግሪ ይዤ ያላወቅሁትን አካሄድ እኅቴ ጫማውን ስታስር አውቃዋለች።

ያን ዕለት ጠዋት የሆነውን እነሆ። እኅቴ ስድስት ወንበሮች በሁለት ረድፍ አደረገች፤ መሃሉ መተላለፊያ ሆነ። የፕላስቲክ ወንበር ሰው ሲደገፈው ይንሸራተታል አልኳት። "ሰው ይቀመጥበታላ" አለችና የጎረቤቷን በር አንኳኳች። ጎረቤቷ እንደ እሷው አስታማሚ ናት፤ እናቷን ሰፈሩ ሁሉ "ሆዮ" ነው የሚላቸው፤ በሶማሊኛ እናት ማለት ነው። ሆዮ በደጉ ጊዜ ከጅቡቲ ጨርቅ ጭነው በባቡር ድሬዳዋ የሚያደርሱ ነጋዴ ነበሩ። ነጋዴ ስል ጉምሩክ የማያውቃቸው ማለቴ ነው፤ የድሬ ልጅ ይገባዋል። አሁን የልጅ ልጆቻቸውን ያምታታሉ።

ሁላችን ተቀመጥን። እኅቴ ከፓፔትሪ፣ ከጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ፣ የገዛችውን የወረቀት መብሻ ለአባባ አስያዘችው፣ ለእኛም የተቆራረጠ ካርቶን አደለችን። አባባ ኮፍያውን አስተካከለ። ጀርባው ቀና አለ።

"ቢዬ!" አለ በፈረንሳይኛ። ሰው ዝም ሲለው በአማርኛ ደገመው፦ "ቲኬት የሌለው ይነሳ!"

እኔ ተነሳሁ። ደግ አደረግሁ፤ ሌሎቹም ተከተሉኝ። አንድ በአንድ ወንበር እየነካ መጣ፣ ካርቶናችንን በሳ፣ ተቀመጡ አለን። ሆዮ ጋ ሲደርስ እሳቸው እንደ ተኩስ ፈጥነው ነጠላቸውን ከጭናቸው ሥር ከተቱት። የሠላሳ ዓመት ልማድ ነው። አባባ አያቸው። ድሮም ያያቸው ነበር ይመስለኛል። "ይለፉ" አለና አለፈ። ልጃቸው ሳቋን መያዝ አቅቷት ወደ ግድግዳው ዞረች።

እኔ ያዋጣሁት አንድ ነገር ብቻ ነው። ባቡር ሲነሳ ይጮሃል፤ ስለዚህ ሁላችንም በአፍንጫችን አየር ስበን፣ በአፋችን ረጅም ጩኸት እናውጣ አልኩ። ትንፋሽ ሲወጣ ረዘም ካለ ልብ ይረጋል፤ ሰውነትም ይላላል። አባባ ግን አቋረጠኝ፦ "አንድ አይደለም። ሁለት ጊዜ ነው የሚጮኸው።" ሁለት ጊዜ ጮህን። ከዚያ ተነሳን። ሆልሆል ሲል ተነስተን ተቀመጥን። አሊ ሳቢህ፣ ተነስተን ተቀመጥን። ደወሌ። አይሻ። እኅቴ አይሻ ላይ አፍንጫዋን አስቀድማ ስትነሳ አየኋት፤ ትንፋሿን አልያዘችም። አዲጋላ ስንደርስ "ውሃ!" ብላ ለሁሉም ብርጭቆ አደለች፤ ባቡር ተሳፋሪም አዲጋላ ላይ ይጠጣል ስትል አባባ ራሱን ነቀነቀላት። በነገራችን ላይ ከፈረንጆቹ 2017 ጀምሮ ጅቡቲ ከኢትዮጵያ በቧንቧ የምታገኘው ውሃ የሚመጣው ከዚያው ከአዲጋላ አካባቢ ነው፤ ሐዲዱ የሄደበትን ውሃው ተከትሎታል። ሽንሌ። ድሬዳዋ። ሰባት ጣቢያ፣ ሰባት ጊዜ መነሳት። ወረቀቴ የሚለው በአንድ ዙር አምስት ነው።

ሲያልቅ የግቢው ወለል በክብ በክብ የካርቶን ፍርፋሪ ተሸፍኖ ነበር። አባባ ደክሞት ተቀመጠ። "ዛሬ ሁለተኛ ማዕረግ ሞልቶ ነበር" አለኝ፣ ለማላውቀው ሰው እንደሚነገር።

ማታ አባባ ሲተኛ ከእኅቴ ጋር እንደገና ተቀመጥን። ጨዋታው ግን የጠዋቱን ያህል ደስ አላለም።

እኔ፦ ከጎረቤትሽ ጋር ተራ ግቡ። በሳምንት ሁለት ቀን እሷ ሁለቱን ትያዝ፣ ሁለት ቀን አንቺ። ነፃ የሆነችው ማልዳ ሲዬስታ ባሕር ዳር ትሂድና ትራመድ። ብቻዋን። ማንንም ሳትደግፍ።

እሷ፦ ሰው ምን ይላል? አባቷን ለጎረቤት ጥላ ባሕር ዳር ትንሸራሸራለች አይልም?

እኔ፦ ይበላ።

እሷ፦ አንተ ይበላ ትላለህ፤ አዲስ አበባ ነህ። እኔ እዚህ ነው የምቀበረው።

እኔ፦ ሌላም አማራጭ አለ። አዲስ አበባ አምጪውና የቢንያም በለጠን መቄዶንያ...

እሷ፦ አፍህን ያዝ! መቄዶንያ ሰው የሌለው የሚነሳበት ነው፣ እግዜር ይስጣቸው። አባባ ሰው አለው። እኔ ሰው አይደለሁም?

እኔ፦ እንደዚያ ማለቴ አይደለም።

እሷ፦ ምን ማለትህ እንደሆነ ልንገርህ። አንተ ገንዘብ ትልካለህ፣ ምክር ትልካለህ፣ አሁን ደግሞ ወረቀት አመጣህ። እናታችን ስትሞት "አንቺ ባለሽ እንዴት ጥሩ ነው" አልከኝ። ያቺን ቃል እስከ ዛሬ ተሸክሜአታለሁ። ከአባባ ትከብዳለች።

የጫት ቤቱ ልጆች በመንገዱ እየሳቁ አለፉ። ቆየን። ይቅርታ ማለት ነበረብኝ፤ ያልኩት ግን ሌላ ነው።

እኔ፦ ረዳት ልጅ ቅጠሪ፤ ደመወዟን እኔ እከፍላለሁ። በዓመት ሁለቴ መጥቼ ሁለት ሁለት ሳምንት እይዘዋለሁ፤ አንቺ ድሬ ትሄጃለሽ። በየቀኑ 10 ሰዓት ላይ ደግሞ እደውላለሁ።

እሷ፦ "መድኃኒቱን ዋጠ?" ልትለኝ?

እኔ፦ አይ። ለአባባ ነው የምደውለው። የድሬዳዋ ጣቢያ ነኝ። ባቡሩ ስንት ሰዓት ተነሳ ብዬ እጠይቀዋለሁ።

ለመጀመሪያ ጊዜ ያን ማታ ሳቀች። እሺ ግን አላለችም፤ "እናያለን" አለች፤ በእኛ ቤት "እናያለን" ማለት ምን እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን።

ሐሙስ ጠዋት ጎረቤቷ እጇን ይዛ ጎተተቻት። ሲዬስታ ሄዱ። አባባንና ሆዮን እኔ ያዝኩ፤ እውነቱን ለመናገር እነሱ ናቸው የያዙኝ፤ በዚያች አጭር ጊዜ ውስጥ አሥራ አንድ ጊዜ ተነስቼ ተቀምጫለሁ። እኅቴ እመለሳለሁ ባለችበት ሰዓት አልተመለሰችም፤ በሃያ ደቂቃ ውስጥ ተመለሰች። "ልቤ እዚህ ቀረ" አለች። ቅዳሜ እንደገና ወጣች። ያን ቀን ግማሽ ሰዓት አለፋት፤ ቁርጭምጭሚቷ ድረስ አሸዋ ይዛ መጣች፣ ሳትታጠብ ሶፋው ላይ ጋደም አለች፣ እስከ 5 ሰዓት ተኛች። ምሳውን እኔ ሠራሁ። ጨው በዝቶበት ነበር፤ ማንም አልተናገረም።

ወረቀቴን እዚያው ልተወው ነበር። ስሄድ እኅቴ መልሳ ሻንጣዬ ውስጥ ከተተችው። ጀርባው ላይ በእስክሪብቶ፣ የእኔን ሥዕሎች ከታች ትታ፣ ጣቢያዎቹን በተርታ ጽፋቸዋለች፤ አዲጋላ ከሚለው አጠገብ "ውሃ"፣ ከድሬዳዋ አጠገብ "ማሙሽ ይደውል" ይላል። ማሙሽ እኔ ነኝ። 47 ዓመቴ ነው።

የሄድኩ ዕለት አባባ የግቢው በር ላይ ቆሞ ነበር፣ ኮፍያውን አድርጎ።

"ወዴት ነህ?" አለኝ።

"ድሬዳዋ።"

"ቲኬት?"

የባቡር ቲኬቴን አቀበልኩት። አገላብጦ አየው፤ እንዲህ ያለ ቲኬት በዘመኑ አልነበረም። ከኪሱ መብሻውን አወጣ፣ ጥጉ ላይ ሁለት ጊዜ በሳው፣ መለሰልኝ። እኅቴ ከኋላው ሆና በጣቷ ሂድ ሂድ አለችኝ፤ ሌላ እጇ ወገቧ ላይ አልነበረም፣ በሩን ነበር የያዘችበት።

ነጋድ ስደርስ ተቆጣጣሪዋ ቲኬቴን ወደ ብርሃን አንስታ በቀዳዳዎቹ አየችኝና፣ "ይሄን ማን በሳው?" አለችኝ።